የላንድሮቨሯ ትኩሳት

ቴስታታው የሚወርድበት ቀን ተቆርጦ ነበር። የአጎቴ ላንድሮቨር ራዲያተሯ ተጠርጎ፣ የውሃ ፓምፗ ተቀይሮ፣ ቴርሞስታቷ ወጥቶ ከተጣለ በኋላም የሙቀት ጌጇ ከሞቃቱ ጫፍ አልወርድ አለ። የጋራዡ ሰዎች የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማሸጊያ። ሞተር ፈትቶ መግጠም በዚህ ዘመን ምን ያህል እንደሚያስወጣ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አጎቴ ቀብድ ሊከፍል እጁን ኪሱ ከከተተ በኋላ መልሶ አወጣው። «ታማለች ትሉኛላችሁ፣ እኔ ግን አንድም ቀን ስታቃስት አልሰማኋት» አላቸው።

እውነቱን ነበር። ጓርኒሲዮን የበላ ሞተር ይናገራል። ውሃ ይጎድላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ሲነካ ይተፋል፤ ዘይቱ ከውሃ ተደባልቆ ይነጣል፤ በጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ይከዳል። ይቺ መኪና ከነዚህ ውስጥ አንዱንም አላሳየችም። ታማለች ያለው ያ ጠቋሚ ብቻ ነው።

መኪናዋ ሲሪስ 3 ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተመረቱት አንዷ፣ ባለ 88 ኢንች አጭሯ፣ 2,286 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ያላት። ከእሷ በፊት በነበሩት ላንድሮቨሮች ጌጆቹ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ነበሩ፤ በሲሪስ 3 ወደ ሾፌሩ ፊት ዞሩ። አንደኛው ክብ ፍጥነት ያሳያል። በሌላኛው ክብ ውስጥ የነዳጅና የሙቀት ጠቋሚዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አጎቴ ከአንድ ሥራው ካበቃ የእርሻ ፕሮጀክት በጨረታ ገዝቷት ለዓመታት ሲነዳት ከቆየ በኋላ ዝገቷን አስፍቆ ሙሉ ቀለም አስቀባት። ዳሽቦርዱ ሳይቀር ተፈትቶ ተቀብቷል። ማማሯን አይቶ የደስ ደስ በግ ያረደ ሰው ነው፤ አጋነንክ እንዳትሉኝ፣ ከሥጋው በልቻለሁ።

ነገሩ የታየው ከቀለሙ በኋላ በመጀመሪያው ረጅም መንገድ ላይ ነው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከዚያ ያው ከፍታ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬን ይፈትናል፣ ዳገቱ ራዲያተር። ኮፈኑን ከፍቶ ጥግ የያዘ የጭነት መኪና ማየት እዚያ መንገድ ላይ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የላንድሮቨሯ ጠቋሚ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ወደ ሞቃቱ ጫፍ ሲጠጋ አጎቴ አልተገረመም። ቆመ፣ ኮፈን ከፈተ፣ ጠበቀ። የፈላ ነገር የለም፤ የሚያፏጭ ነገር የለም። ጥቂት ቆይቶ ቀጠለ።

የገረመው አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከሜክሲኮ ሳር ቤት ለመሄድ፣ ያውም በጠዋቱ ብርድ፣ ጠቋሚው ዓባይ ዳገት ላይ ያለ ይመስል ከላይ ተቀመጠ።

እዚህ ጋ ወጪው ጀመረ። መጀመሪያ ራዲያተር ተጠረገ። ቀጥሎ ቴርሞስታት ወጣ። በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከብዙ ጋራዦቻችን ጋር ያልታረቅኩበት ጉዳይ ነው። ቴርሞስታት ማለት ውሃው የሥራ ሙቀቱ ላይ እስኪደርስ፣ ለምሳሌ 82 ዲግሪ፣ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ የሚጠብቅ፣ ከዚያ የሚከፍት ባልቦላ ነው። ተበላሽቶ ተዘግቶ ከቀረ ሞተር ያቃጥላል፤ ስለዚህ እኛ አገር መድኃኒቱ ነቅሎ መጣል ሆኗል። «እኛ አገር ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ይሉሃል፣ ሹራብ ደርበው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ጠዋቷ ያንዘፈዝፋል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እዚህ ሲሞቅ ይውላል፣ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ እስከዚያው ነዳጅ ይጠጣል።

ላንድሮቨሯ ግን ከዚህ የባሰ አስገራሚ ነገር አደረገች። ቴርሞስታቷ ከወጣ በኋላም ጠቋሚው ዘግየት ብሎ እዚያው ሞቃቱ ጫፍ አጠገብ ደረሰ። በቀዝቃዛ ከተማ፣ በተጠረገ ራዲያተር፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሜዳ ላይ ይህን ያህል ሊሞቅ አይችልም። ሊቀዘቅዝ ነበር የሚገባው። ማስረጃው እዚያው ተዘርግቶ ነበር፤ ያነበበው አልነበረም። በምትኩ ፓምፑ ተቀየረ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጌጁንም አልዘለሉትም። ሞተሩ ላይ የተሰካውን የሙቀት ሴንሰር በአዲስ ቀይረዋል። ሁሉም መካኒክ የሚያውቀውን ፈተናም ፈትነዋል፤ የሴንሰሩን ሽቦ ሲነቅሉት ጠቋሚው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ወረደ፣ ሽቦውን ሞተሩ ብረት ላይ ሲነኩት ወደ ሞቃቱ ጫፍ ወጣ። «ጌጁ ጤነኛ ነው» ብለው ፈረሙ። ፈተናው ትክክለኛ ነው፣ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ጠባብ ነው። ሽቦው አልተቆረጠም፣ ጠቋሚው አልተጣበቀም ይላል። ጠቋሚው በሁለቱ ጫፎች መካከል ሲቆም የቆመበት ቦታ እውነት ስለመሆኑ አንዲት ቃል አይናገርም። ቴስታታ ሊወርድ የነበረው በዚህ ፊርማ ላይ ተደግፎ ነው።

አጎቴ የሄደው ሶማሌ ተራ አካባቢ ስታርተርና ዴናሞ የሚጠግን አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሻን ዘንድ ነው። እኔም አብሬ ነበርኩ። ልጁ ኮፈን አልከፈተም። ጋቢና ገብቶ ተቀመጠና ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ከሙቀቱ ሌላ ምን አመል አመጣች?»

«ምንም። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።»

«ነዳጅስ?»

አጎቴ ፊቱ ተቀየረ። «የነዳጁን ነገር ተወኝ ልጄ፣ ሌባ ነው ያስቸገረኝ» አለ። ከዚያ ተረከው። ጠቋሚው ሩብ እያሳየ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ ብላበታለች፤ ያውም ከአንዴ በላይ። አንድ ማደያ ላይ በሊትር አጭበረበራችሁኝ ብሎ ተጣልቷል። የሰፈሩ ጥበቃ ማታ ማታ በጎማ ይስብብኛል ብሎ ጠርጥሮ ታንከሯ ላይ ቁልፍ ያለው ክዳን አስገጥሟል። የነዳጅ ጌጁ ራሱ ግን ለአፍታ አልተጠረጠረም። ነዳጅ አለህ ሲልህ ማን ይጠረጥራል? ክፉ ወሬ የሚነግርህን ጌጅ ጋራዥ ትወስደዋለህ፤ ደግ ወሬ ለሚነግርህ ግን አንተው ራስህ ከማደያ ሠራተኛ ጋር ትጣላለታለህ።

ልጁ ፈገግ አለ፣ አልተናገረም። መልቲሜትሩን አመጣ። አንዳንዶቹ ሙቀት የሚለካ ቀጭን ሽቦ አብሯቸው ይመጣል፤ የዚያን ጫፍ ቴርሞስታቱ የነበረበት ቤት ላይ አስጠግቶ በጨርቅ ሸፈነው። ሞተሩ ከተነሳ ብዙ ቆይቷል፤ ጋቢና ውስጥ ያለው ጠቋሚ ከላይ ተቀምጧል። መልቲሜትሩ 70 ዲግሪ አካባቢ ይዋልላል። ብረቱ ከውስጡ ውሃ ጥቂት ቢቀዘቅዝ እንኳ ይህ የሚፈላ ሞተር ቁጥር አይደለም።

ከዚያ በጋራዡ የወጣውን አሮጌ ሴንሰር፣ አጎቴ ምንም ነገር ስለማይጥል ኪሱ ውስጥ የነበረውን፣ ሻይ በሚያፈሉባት ትንሽ ምድጃ ላይ ውሃ ውስጥ አንጠለጠለው። ሴንሰሩ ሲሞቅ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ የሚቀንስ ነገር ነው፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ጠቋሚውም ይወጣል። ልጁ ውሃው ሲፈላ የሚነበበውን ቁጥር ከመጽሐፍ ጋር ሲያስተያይ አንድ ነገር ጨመረ፤ «100 ዲግሪ ብለህ ከለካህ ተሳሳትክ፣ እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው 92 ላይ ነው።» ከፍታው ነው ምክንያቱ። ራዲያተር ውስጥ ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከ100 በላይ ሳይፈላ ይቆያል፤ ክፍት ድስት ላይ ግን ይህ የለም። ሴንሰሩ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። አሮጌው ማለቴ ነው፤ በከንቱ የተቀየረው።

ሞተሩ ነፃ፣ ሴንሰሩ ነፃ። አጎቴ እንደ ዋዛ፣ «ማታ ማታ ግን ይሻላታል እኮ» አለ። «ብርዱ ነው መሰለኝ። መብራት አብርቼ ስነዳ ወረድ ትላለች።»

ልጁ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አስነሳና ሥራ ፈት ተወው። ሁለቱንም ጠቋሚዎች በጣቱ አሳየን፤ ሙቀት ከላይ፣ ነዳጅ ከሩብ በላይ። ከዚያ ትልቁን መብራት አበራ፣ የዝናብ መጥረጊያውን ከፈተ። እኛ ዝም ብለን የጌጆቹን መስታወት እናያለን። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀስ እያለ፣ ዓይን ካልተጣለበት በማይታወቅ ሁኔታ፣ የሙቀቱ ጠቋሚ መውረድ ጀመረ። የነዳጁም አብሮት ወረደ። መብራቱን አጥፍቶ ነዳጅ ሰጠት ሲያደርግ ሁለቱም ተያይዘው ወጡ።

«ሞተር በመብራት አይቀዘቅዝም ጋሼ» አለ ልጁ። «ነዳጅም በመብራት አይጎድልም።»

በዚያ ዘመን መኪኖች ውስጥ ያሉት እነዚህ ጌጆች የሚሠሩት በሙቀት ነው፣ ማለትም በራሳቸው ውስጥ ባለ ሙቀት። ጠቋሚው ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀች ስስ ዘንግ ጋር ታስሯል፤ ዘንጓ ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል፣ ዘንጓ ትታጠፋለች፣ ጠቋሚውን ትገፋለች። የሚንቀሳቀሰው በእርጋታ የሆነው ለዚህ ነው፤ ጠቃሚም ነው፣ ኮረኮንች ላይ ታንከር ውስጥ ያለው ቤንዚን ሲላጋ ጠቋሚው አብሮ አይዘልም። ችግሩ አንድ ነው። የባትሪው ቮልት ከተለዋወጠ ሙቀቱም ይለዋወጣል። ባትሪ ብቻውን 12 ቮልት ገደማ ነው፤ ዴናሞው ሲሠራ ወደ 14 ይወጣል፤ ሥራ ፈት ላይ መብራት ሲበራ ተመልሶ ይወርዳል። በዚህ ላይ የተመሠረተ ጌጅ የሚያሳየው ሙቀትንና ነዳጅን ሳይሆን የዴናሞውን ውሎ ነው።

ስለዚህ እንግሊዞቹ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጌጆቹ በፊት አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አስገቡ፤ የቮልት ማረጋጊያ። ውስጧ ያለው ያው የሁለት ብረት ዘንግ ነው፣ ከካውያ ቴርሞስታት የማይለይ፤ ይሞቃል፣ ይታጠፋል፣ ይቆርጣል፤ ይቀዘቅዛል፣ ይመለሳል፣ ያገናኛል። እየቆረጠች እየቀጠለች በአማካይ 10 ቮልት ታወጣለች። ጌጆቹ ቀርፋፋ ስለሆኑ መቆራረጡን አያዩትም፣ አማካዩን ብቻ ያያሉ። ሁለቱም ጌጆች የሚበሉት ከዚህች ከአንዲት ሳጥን ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ባንድ ቀን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ መዋሸት ከጀመሩ ጥፋቱ የሁለቱም ላይሆን ይችላል፤ የሚያበላቸውን መጠየቅ ነው።

ዋሾው ምን ያህል እንደሚያጋንንም ማስላት ይቻላል። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠር ሙቀት በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ከ10 ቮልት ይልቅ 14 ከደረሰው ጌጁ ውስጥ ያለው ሙቀት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። መሃል ላይ መቆም የነበረበት ጠቋሚ ጫፍ ለመድረስ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? ሴንሰሩን በቀየሩ ቁጥር፣ ፓምፑን በቀየሩ ቁጥር፣ ያ ትርፍ 4 ቮልት እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ልጁ የጌጆቹን ቦርድ ፈትቶ ወደ ፊት ሳበው። ከጀርባው ከክብሪት ቤት የምታንስ የቆርቆሮ ሳጥን በአንዲት ቡሎን ታስራለች። አረንጓዴ ሽቦ «ቢ» የሚል ፊደል ባለበት በኩል ይገባል፤ ፈካ ያለ አረንጓዴ «አይ» በሚለው በኩል ወደ ጌጆቹ ይወጣል። የፍተሻ አምፖሉን አንድ እግር መውጫው ላይ፣ ሌላውን ማሳ ላይ፣ ማለትም የመኪናዋ ባዶ ብረት ላይ፣ አደረገ። አምፖሉ በራ። ጠበቅን። እንደበራ ቀረ። «መብራትና መጥፋት ነበረበት» አለ። ሳጥኗ አትቆርጥም፤ የገባውን ሁሉ ታሳልፋለች።

እኔ ሳጥኗ ተቃጥላለች ብዬ ስጠብቅ እሱ ሌላ ነገር አደረገ። ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ረጅም ሽቦ ስቦ የሽቦውን ጫፍ በሳጥኗ ቆርቆሮ ላይ ጫን አደረገው። ጥቂት ሰከንዶች አለፉ። ጠቅ የሚል ነገር የተሰማ መሰለኝና አምፖሉ ጠፋ። ከዚያ በራ። ጠፋ። በራ። ሳጥኗ ሕያው ነች፣ ማሳ ነው ያጣችው።

ነገሩ ይህ ነው። ውስጧ ያለው ዘንግ የሚሞቀው ኤሌክትሪክ በሳጥኗ ቆርቆሮ በኩል፣ በቡሎኗ አልፎ፣ ወደ መኪናዋ አካል ሲወርድ ነው። መውረጃ ካጣ ዘንጉ አይሞቅም፤ ካልሞቀ አይታጠፍም፤ ካልታጠፈ አይቆርጥም። ሳጥኗ ሳትበላሽ ሥራዋን ታቆማለች። ቡሎኗን ሲፈታት ሥሩ የነበረው ብረት በወፍራም፣ በሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ቀለም ተሸፍኗል። በግ የታረደለት ቀለም። ቀለም ቀቢው ዳሽቦርዱን ፈትቶ፣ ከፊትም ከኋላም በጥንቃቄ ቀብቶ፣ ሳይቧጨር መልሶ ገጥሞታል። ሥራው ቸልተኛ ቢሆን ኖሮ፣ ከጀርባ ትንሽ ቢዘል ኖሮ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጥገናው ራሱ ለመተረክ አይበቃም። ቡሎኗ የምትቀመጥበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረቱ እስኪያበራ አጸዳ፤ ለዋስትና ከሳጥኗ ወደ መኪናዋ አካል አንድ አጭር ሽቦ ጨመረ። አጎቴ ሳጥኗ አርጅታለችና በአዲስ እንቀይራት ሲል ልጁ እምቢ አለ። ከተቃጠለች 10 ቮልት የምታወጣ 7810 የምትባል ባለ ሦስት እግር ቺፕ በቦታዋ መግጠም እንደሚቻል፣ እስከዚያው ግን የምትሠራ ዕቃ እንደማይነቅል ነገረው። ነቅሎ የማይጥል የመኪና ባለሙያ ሳይ ደስ ይለኛል።

ሞተሩ ሲነሳ የሙቀቱ ጠቋሚ ተነስቶ ከመሃል ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ቴርሞስታት የለማ፣ ትክክል ነው። ከጎኑ ያለው የነዳጅ ጠቋሚ ግን ወርዶ ወርዶ ባዶው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። «አሁን ነው እውነቱን የነገረህ» አለው ልጁ፣ ሳቁን እየያዘ። ጄሪካን ተፈልጎ ሰው ወደ ማደያ ተላከ።

ቴርሞስታቱ በሳምንቱ ተመልሶ ገባ፤ ጋራዡ የጣለውን ስላላገኘነው አዲስ ተገዛ። የደብረ ማርቆሱ መንገድም ተደገመ። ዓባይ ዳገት ላይ ጠቋሚው ከመሃል ትንሽ ከፍ አለ፣ ደጀን ሜዳው ላይ ተመልሶ ወረደ፣ ማታ መብራት ሲበራ ከቦታው አልነቃነቅም አለ። የቀረው አንድ እንከን ነው። 45 ሊትር የሚይዘው ታንከር አፉ ድረስ ሲሞላ የነዳጁ ጠቋሚ ሙሉው ላይ አይደርስም፣ ትንሽ ያጎድላል፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ክንዱ ሳይጣመም አይቀርም። ልጁ መቀመጫውን አንስቶ ሊያየው ሲል አጎቴ እጁን ያዘው።

«ተወው» አለ። «በዚህ በኩል ይዋሸኝ፣ ችግር የለም። ያንን ቁልፍ ያለውን ክዳን ግን ንቀልልኝ፤ ከዚያ ጥበቃ ጋር ሰላም መባባል አለብኝ።»